ማኅበሩና ቡና ለቃሚው፦ የሠራተኛ ማኅበራት በኢትዮጵያ ፖለቲካ ውስጥ

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ ከባቡር ይጀምራል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ድሬዳዋ በደመወዝ የሚያድር፣ በሰዓት የሚገባና የሚወጣ ሕዝብ በብዛት የተሰበሰበባት ከተማ ሆና ነበር። መካኒኩ፣ ነጂውና ሐዲድ ጠጋኙ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ይሠራሉ፤ በአንድ ቀን ይከፈላቸዋል፤ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ። የአንዱ በደል ለሌላው ለመሰማት ጊዜ አይፈጅበትም።

በዚያው ዘመን የአገሪቱ ቡና በሚበቅልበት በደቡብ ምዕራቡ ጫካ ሥራ ሌላ መልክ ነበረው። የከፋ ንጉሣዊ ግዛት በ1889 ዓ.ም. ከተያዘ በኋላ ገበሬው ለሹሙና ለወታደሩ በገባርነት ተደለደለ። ግብሩን በማር፣ በእህልና በጉልበቱ ከፈለ። ከማጂና ከጊሚራ ደግሞ ብዙ ሕዝብ በባርነት እየተጋዘ አገሩ ተራቆተ። በማሻ፣ በቴፒም ሆነ በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ ቡና የሚለቅም ሰው ደመወዝ የሚጠይቀው አሠሪ አልነበረውም፤ የነበረው ጌታ ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ፤ ገባርነትም ከጣሊያን መውጣት በኋላ በሕግ ቀረ። ሆኖም መሬቱ በአብዛኛው በባለርስቶችና በመንግሥት እጅ ስለቀጠለ፣ የቀድሞው ገባር ጭሰኛ ሆኖ ኖረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወደድ የደቡብ ምዕራቡ ጫካ የብዙ ሰው ዓይን አረፈበት። መሬት በስጦታም በግዢም ተያዘ፣ ጫካው ተመነጠረ፣ የቡና እርሻ ተስፋፋ። ቡና ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚያስገኝ ሆነ። ነዋሪው ብቻውን ለቅሞ ስለማይጨርሰው ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሌሎችም አገሮች የቀን ሠራተኛ በወቅቱ መጉረፍ ጀመረ። ይህ ሰው ከቤቱ ርቆ ለሁለት ሦስት ወር ይሠራል፤ ቡናው ሲያልቅ ይበተናል። ጎን ለጎን ሲለቅም የከረመውን ጓደኛውን በሚቀጥለው ዓመት ላያገኘው ይችላል።

በድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1947 ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ አድማ ሲመታ መንግሥት እንደ አመፅ ቆጥሮ በኃይል በተነው። በኤርትራም በወልደአብ ወልደማርያም የሚመራ የሠራተኞች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1952 ቢመሠረትም ዕድሜው አጠረ፤ መሪውም ከግድያ ሙከራ ተርፈው ከአገር ተሰደዱ። ከስድስት ዓመት በኋላ በአስመራና በምፅዋ የተመታው አጠቃላይ አድማ ደም ፈስሶበት ቆመ። የንጉሠ ነገሥቱ ባለሥልጣናት ለማኅበር የነበራቸው ጥርጣሬ ከነዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ደመወዝ ለመጠየቅ የተሰበሰበ ሰው ነገ ስለ አገር አስተዳደር ሊጠይቅ እንደሚችል አይተው ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በማኅበር የመደራጀትን መብት በመርህ ደረጃ አስገባ። ማስፈጸሚያ ሕግ ግን አልተከተለውም። ለሠራተኛው የቀረው አማራጭ መረዳጃ ማኅበርና እድር ነበር። ሀቫ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት በጀመረበት በወንጂ፣ ሸንኮራ ቆራጩና የፋብሪካው ሠራተኛ በዚህ ስም ተሰባስቦ ስለ ቀብር መዋጮ ብቻ ሳይሆን ስለ ደመወዝና ስለ ሕክምናም መነጋገር ያዘ። ሸንኮራውን የሚቆርጡት ብዙዎቹ ወደ ከፋ ቡና ከሚሄዱት የከምባታና የወላይታ ልጆች ጋር የአንድ አገር ሰዎች ነበሩ። ወንጂ ላይ ግን ፋብሪካው ዓመቱን በሙሉ ስለሚፈልጋቸውና በካምፕ ስለሚያኖራቸው ማኅበር መሥራት ቻሉ። ወደ ቡናው የሄደው ወንድማቸው ለዚህ የሚሆን ጊዜም ቦታም አልነበረውም።

የታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ቤተ መንግሥቱ አንዳንድ በሮችን መክፈት ግድ ሆነበት። በ1954 መጨረሻ የአሠሪና ሠራተኛ ድንጋጌ ወጣ፤ በ1956 መጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 210 ሆኖ ጸደቀ። በመካከሉ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ ከወንጂ የመጡት አብርሃም መኮንን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። መንግሥትም በዚያው ዓመት ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ ኅብረት ድርድር የሚደነግጉትን ሁለቱን ዋና ዋና የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና 98ን፣ ተቀበለ።

ሕጉ ለማን እንደተጻፈ ከዝርዝሩ ይታያል። በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ ከሕጉ ውጭ ነበሩ። አድማ በስም ቢፈቀድም ከረጅም የእርቅና የግልግል ሂደት በኋላ ስለሚመጣ በሕጋዊ መንገድ መምታት ከባድ ነበር። ለባንክ፣ ለአየር መንገድ፣ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚመጥን ልብስ ነው። ለሁለት ወር ብቻ ለሚቀጠር ለቃሚና ከባለርስት ጋር በእኩል ለሚያርስ ጭሰኛ የሚሆን አንቀጽ በውስጡ ማግኘት ያስቸግራል።

አንድነት ማኅበሩ በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት ጥንቃቄ የበዛበት መንገድ ተከተለ። ከነፃ ሠራተኛ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን ጋር ተባበረ፤ ከአሜሪካ ማኅበራትም የሥልጠናና የገንዘብ ድጋፍ አገኘ። በፕሬዚዳንቱ በበየነ ሰሎሞንና በዋና ጸሐፊው በፍሥሐ ጽዮን ተኪኤ ዘመን አመራሩ ከመንግሥት ጋር ሳይጋጭ ለመኖር ይጥር ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን አድርባይነት እያሉ ነቀፉት። ነቀፌታው ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አልነበረም፤ አባላቱ በ1965 ዓ.ም. አካባቢ 80,000 ያህል ነበሩ፣ ይህም መደራጀት ከሚችለው ሠራተኛ ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ጉልበቱ በዚያ መጠን ነበር።

የየካቲት 1966ቱ ማዕበል ሲመጣ ግን ያ ጥንቁቅ ድርጅት አገር አስቆመ። የካቲት 11 ቀን መምህራን የትምህርት ዘርፍ ግምገማ የተባለውን ዕቅድና ዝቅተኛ ደመወዛቸውን ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት መኪናቸውን አቆሙ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወርዶ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። ከዚያ አንድነት ማኅበሩ የካቲት 28 ቀን አጠቃላይ አድማ ጠራ።

አራት ቀን ቆየ። ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ሥራ አቆመ፤ ባቡሩ፣ ፋብሪካው፣ አየር መንገዱ ጸጥ አለ። ከጥያቄዎቹ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል፣ የጡረታ መብት፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሻሻልና የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት ይገኙበታል። መንግሥት ጥያቄዎቹን ለማየት ቃል ገብቶ መጋቢት 2 ቀን አድማው ቆመ። በኢትዮጵያ ታሪክ ሠራተኛው በራሱ ድርጅት ጠሪነት አገር አቀፍ አድማ የመታበት ጊዜ ይህ ነው። ከደመወዝ ወለሉና ከመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ጋር የተያያዙት ጥያቄዎች ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም አልተዘጉም።

አድማው ካበቃ በኋላ የነቃው ሰው ወደ ሥራው ብቻ አልተመለሰም። በጅማ ከተማ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የከፋ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ እንዲነሡ ጠየቀ፤ ተነሡም። በዚህ የደቡብ ምዕራቡ እንቅስቃሴ ፊት ለፊት የታዩት ከተሜው፣ ተማሪውና መምህሩ ናቸው። የቡና ለቃሚውን ቃል ይዞ የቀረበ ማኅበር አልነበረም።

ወታደራዊው ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን ባወረደ በአራተኛው ቀን አንድነት ማኅበሩ ወታደራዊ አገዛዝን ተቃውሞ ሕዝባዊ ጊዜያዊ መንግሥት እንዲቋቋም ጠየቀ። በየነ ሰሎሞንና ፍሥሐ ጽዮን ተኪኤን ጨምሮ መሪዎቹ ታሰሩ። በግንቦት 1967 ዋና መሥሪያ ቤቱ ለጊዜው ተዘጋ። በማርቆስ ሐጎስ የሚመራው አዲሱ አመራር ደግሞ የበለጠ ደፋር ሆነ። በመስከረም 1968 የማኅበሩ ጉባኤ ያወጣውን የዴሞክራሲ መብት ጥያቄ የያዘ ወረቀት ሲበትኑ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሰው ገደሉ፤ በዚያው ወር በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ዓመት አዲስ የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 ወጥቶ አንድነት ማኅበሩ ፈረሰ። ማርቆስ ሐጎስ ኅቡዕ ገብቶ በኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ትግል ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

በቡናው አገር ግን ከማኅበር መፍረስ የበለጠ ኑሮ የለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኛውን ከባለርስት አላቀቀ፤ የግል ይዞታን በአሥር ሄክታር ወሰነ። ከዚህም ጋር፣ አቅመ ደካማን ከመሳሰሉት በስተቀር፣ ገበሬ ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ከለከለ። ለዘመናት በሌላው ማሳ ላይ ሲለፋ የኖረው ሰው የራሱ መሬት ሲያገኝ የተሰማውን ደስታ ማቃለል አይገባም። የቅጥር ለቀማው ገበያ ግን በአንድ ጊዜ ተናጋ፤ ሰፋፊዎቹ የግል እርሻዎች ወደ መንግሥት ስለዞሩ፣ ከእንግዲህ ሰው በብዛት የሚቀጥረው ራሱ መንግሥት ሆነ።

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ዝቅተኛ መሬት የተዘረጋው በበቃ ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ ይዞታ ያለው የአገሪቱ ትልቁ የቡና እርሻ ሆነ። ቴፒ ከ6,000 ሄክታር በላይ ይዞ ተከተለው። በቦንጋ አጠገብ የውሽውሽ ሻይ ተተከለ። ማኅበር በእነዚህ ቦታዎች ሲመጣ ከላይ፣ ከመንግሥት እጅ ነው የመጣው። በ1969 ዓ.ም. የተቋቋመው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር፣ መኢሠማ፣ በመንግሥት እርሻዎች ሁሉ መሠረታዊ ማኅበራት አደራጀ። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለ ብዙ ሳይቆይ፣ ኢሕአፓና ደርግ በከተማው ሲገዳደሉ ሕይወቱ ጠፋ። ድርጅቱ ግን በቁጥር ከቀዳሚው በእጅጉ በለጠ። አባላቱ ወደ 300,000 ደረሱ፤ በ1975 ዓ.ም. ከነዚህ 26.6 በመቶው ከእርሻ፣ ከደንና ከዓሣ ሀብት ዘርፍ ነበሩ፣ ከፋብሪካ ሠራተኛው ቀጥሎ ትልቁ ክፍል። ከአሥር ዓመት በፊት በማኅበር ውስጥ እምብዛም ያልነበረው የእርሻ ሠራተኛ አሁን ካርድ ያዘ።

ካርዱ ያስገኘው ነገር የተደባለቀ ነው። ቋሚ ሠራተኛው የሕመም ፈቃድ፣ የጡረታ መዝገብና በአለቃ ፈቃድ ብቻ ከሥራ አለመባረርን አገኘ። በምትኩ ማኅበሩ አድማ አይመታም፤ የውይይት ክበብ ይመራል፣ የምርት ዘመቻ ይጠራል፣ ለእናት አገር ጥሪ መዋጮ ይሰበስባል። በ1974 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 222 ማኅበሩን ከመንግሥት ፖሊሲ ጋር ይበልጥ አሰረው፤ በ1977 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት ደግሞ አመራሩ ከፓርቲው መለየት አልቻለም። ቅሬታ ያለው ሠራተኛ ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሲሄድ የሚያገኘው ሰው በአንድ በኩል ወኪሉ ነው፣ በሌላ በኩል የአሠሪው የመንግሥት ካድሬ።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ያ ሕንፃ አብሮ ተናደ። አዋጅ ቁጥር 42/85 ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገውን ቁጥር ወደ 20 አወረደ፤ በኋላ አዋጅ 377/96 ወደ 10 ዝቅ አደረገው። በ1986 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ በዘጠኝ የኢንዱስትሪ ፌዴሬሽኖች ተመሠረተ፤ አንደኛው የእርሻና የተክል ሠራተኞችን የሚያቅፍ ነው። ፕሬዚዳንቱ ዳዊ ኢብራሂም መንግሥት ከዓለም ባንክና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር የተስማማበትን የኢኮኖሚ ማስተካከያ፣ በተለይም የሠራተኛ ቅነሳውን፣ በይፋ ተቃወሙ። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ፤ አንቀጽ 42 የመደራጀትንና ሥራ የማቆምን መብት ደነገገ። በዚያው ሰሞን ኮንፌዴሬሽኑ ከመዝገብ ተሰረዘ። ዳዊ ተሰደዱ፤ ኢሠማኮ በ1989 በሌላ አመራር እንደገና ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ከነፃው የመምህራን ማኅበር መሪዎች አንዱ አሰፋ ማሩ አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ተገደሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ለዓመታት ታስረዋል።

በእነዚያው ዓመታት በዛምቢያ የማዕድንና የሌሎች ሠራተኞች ማኅበራት መሪ የነበሩት ፍሬድሪክ ቺሉባ በምርጫ ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር፤ በዚምባብዌም ሞርጋን ቻንጊራይ ከሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ተነስተው ትልቁን ተቃዋሚ ፓርቲ መሠረቱ። በኢትዮጵያ ከማኅበር አዳራሽ ወደ ምርጫ ሳጥን የሚወስደው መንገድ ሁለት ጊዜ፣ በ1968ና በ1987፣ ገና ሳይጠረግ ተዘጋ። ፖለቲካው በብሔር ዙሪያ ሲደራጅ ደግሞ ለደቡብ ምዕራቡ ሠራተኛ ሌላ ችግር መጣ። አንድ ለቃሚ የሚጠየቀው ምን እንደሚሠራ ሳይሆን ከየት እንደመጣ ሆነ። በ2004 ዓ.ም. ከደቡብ ምዕራቡ ጉራ ፈርዳ ወረዳ ብዙ የአማራ ተወላጅ ሰፋሪዎች ሲፈናቀሉ፣ በዚያው አካባቢ በቅጥር ሥራ የሚኖረው እንግዳ ሁሉ ስጋት ያዘው። የነባሩም ሕዝብ ቅሬታ ባዶ አልነበረም፤ ጫካውና መሬቱ ሳይጠየቅ ለሰፋፊ እርሻ ሲሰጥ አይቷል። በማሻ አካባቢ በጨዋቃ የተተከለው የሻይ እርሻ በሸካ ደን ላይ በማረፉ ነዋሪውን ያስቆጣው ለዚህ ነው።

መንግሥት አሠሪነቱን ደረጃ በደረጃ ለግል ባለሀብት አስረከበ። ውሽውሽ የሚድሮክ ቡድን ኩባንያ ለሆነው ለኢትዮ አግሪ ሴፍት ተሸጠ። በ2000ዎቹ አጋማሽ የበበቃና የሊሙ ቡና እርሻዎች ሆራይዘን ፕላንቴሽን ለተባለው የዚያው ቡድን ኩባንያ ተላለፉ። ከዚህ በኋላ ማኅበሩ ከካድሬ ሳይሆን ከሥራ አስኪያጅ ጋር ስለ ኅብረት ስምምነት የሚደራደር ሆነ። ይህ ለማኅበሩ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ጥቅሙ የሚደርሰው ግን በዋናነት ለቋሚው ሠራተኛ ነው።

ሻይና ቡና እዚህ ላይ ይለያያሉ። ሻይ ዓመቱን ሙሉ ይቀነጠባል፤ ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ በየሳምንቱ ያቆጠቁጣል። ቀንጣቢው ስለዚህ በእርሻው ካምፕ ይኖራል፣ ልጁን እዚያው ያስተምራል፣ የማኅበር መዋጮውም ከደመወዙ ይቆረጣል። ቡና የሚቀላው በወቅቱ ነው። ለቃሚው ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ ቅርንጫፉን ጎንበስ እያደረገ ቀይ ቀዩን ብቻ ይለቅማል፤ አረንጓዴ ከተቀላቀለበት ካቦው ይመልስበታል። ማታ እሸቱን በጆንያ ተሸክሞ ሚዛን ላይ ያወጣል፤ ኪሎው መዝገብ ላይ በስሙ ፊት ይጻፋል፤ ክፍያውም በዚያ ኪሎ ይሰላል። የሚዛኑ ትክክለኛነት፣ የኪሎው ዋጋ፣ ዝናብ የጣለበት ቀን፣ የሚያድርበት ጎጆ፦ የእሱ የሠራተኛ ፖለቲካ እነዚህ ናቸው። ሕጉ ለወቅታዊ ሥራ የተወሰነ ጊዜ ውል ስለሚፈቅድ ለቀማው ሲያበቃ ውሉም ያበቃል። በ10 ሰው ማኅበር ማቋቋም ቢቻልም፣ ማኅበሩ ተመዝግቦ ለድርድር እስኪበቃ ድረስ መሥራቾቹ አገራቸው ገብተዋል።

ከ2010 ወዲህ አድማ ብዙ ጊዜ ከማኅበር ቀድሞ ታይቷል። የአየር በረራ ተቆጣጣሪዎች፣ ቀጥሎም የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ሥራ አቁመዋል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲጠና ደነገገ፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ወለሉ ግን አልተወሰነም። በካሣሁን ፎሎ የሚመራው ኢሠማኮ ይህንና የሥራ ግብር ቅነሳን ደጋግሞ ጠየቀ። ሚያዝያ 23 ቀን 2015 የሠራተኞች ቀንን በሰልፍ ለማክበር ቢያቅድም ፈቃድ አላገኘም። በግንቦት 2017 የመንግሥት ጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቹ ታሰሩ፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሚደራጅበት ዝርዝር ሕግ አሁንም ስላልወጣ የሚደራደርላቸው ማኅበር አልነበራቸውም።

በኅዳር 2014 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከፋን፣ ሸካን፣ ቤንች ሸኮን፣ ዳውሮን፣ ምዕራብ ኦሞንና ኮንታን ይዞ የቡናውንና የሻይውን አገር በአንድ አስተዳደር አሰባሰበ። በሐምሌ 2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገ። ኢሠማኮ ለዓመታት የጠየቀው ነገር ከፊሉ በዚህ ተመለሰ፤ የውሽውሽ ሻይ ቀንጣቢና የበበቃ ቋሚ ሠራተኛ በወር ደመወዛቸው ላይ ያዩታል። በኪሎ የሚከፈለው ወቅታዊ ለቃሚ ግን የቀን ገቢው የሚወሰነው እንደ ቀድሞው በእርሻው በሚቆረጠው የኪሎ ዋጋ ነው።